ሲሃም ኳስ ያቋረጠችበት ቅዳሜ

ዲኤስቲቪ ቤት የሚያንቀሳቅስ ሰው ትዕግሥት ያስፈልገዋል ይላሉ። እኔ ረድዋን ደግሞ ትዕግሥቱ የለኝም። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ከሰዓት እህቴ ሲሃም ዝናብ እየደበደባት፣ ላፕቶፗን በፌስታል ጠቅልላ ስትገባ ገና ሳትናገር ተቆጣሁ። ቤቱ ጢም ብሏል፣ ጨዋታው ሊጀመር ነው። መቱ ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም፤ ጄኔሬተር ያለው እኔ ዘንድ ነው።

«ጋሼ፣ ቴሌቪዥኑን ፈልጌ ነው» አለችኝ።

የላፕቶፗ ስክሪን ከተሰበረ ቆይቷል፤ ከቴሌቪዥን ጋር ካልተያያዘ ምንም አያሳይም። ሲሃም ፊዚክስ ታስተምራለች። በትርፍ ጊዜዋ ደግሞ በአቅራቢያችን ያሉ ትንንሽ ቀያይ ኮከቦችን ብርሃን ትመረምራለች። አቅራቢያ ሲባል እንደ ጎረቤታችን ጎሬ ከተማ እንዳይመስላችሁ፣ ብርሃን ራሱ ዓመታት ይፈጅበታል። ኮከቡ ጊዜውን ጠብቆ ትንሽ ደብዘዝ ካለ፣ በፊቱ ያለፈ ዓለም አለ ማለት ነው። አምና አንድ አገኘሁ ብላ ስህተት ሆኖ ተገኘ። ገበያ በወጣች ቁጥር «ሲሃም፣ መሬትሽን ማን ወሰደብሽ?» እያሉ ሲያሾፉባት ከረሙ።

አሁን ሌላ አግኝታለች፤ ውሃ ሳይተን፣ በረዶም ሳይሆን ሊቆይበት የሚችል ዓለም። አውስትራሊያ ያሉ ባልደረቦቿ፣ እዚያ ሲመሽ፣ ቴሌስኮፓቸውን ወደ ኮከቡ ሊያዞሩላት ተስማምተዋል።

«እስከ መቼ እንደሚጠብቁ የምነግራቸው እኔ ነኝ» አለችኝ። «እዚህ ሆኜ ካልመለስኩላቸው ለሌላ ሥራ ያዞሩታል። ዛሬ ካልታየ ደግሞ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። ሁለተኛ ዕድል የለኝም።»

እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። ድምጿ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁና የዲኮደሩን ገመድ ነቅዬ የእሷን ሰካሁ።

ቤቱ ተንጫጫ። የሁሉ የባሰው ፋኦል ነበር። ፋኦል ባጃጅ ነጂ ነው፤ አርሴናል ሲጫወት ሥራ አይሠራም። «ያ ረድዋን፣ ጤና የለህም እንዴ?» አለኝ። እኔም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ደግነቱ ዝናቡ አያስወጣም።

ስክሪኑ ላይ ነጥቦች ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱ ከአውስትራሊያ የሚላክ የኮከቡ ብርሃን ልክ ነው፣ አንዱ ከሌላው ጎን እየተሰለፉ ይመጣሉ። ሻይ የሚያፈሉልኝ እትዬ መስቱራ ቀረብ ብለው አዩና «ኮከብ ማለት ይሄ ነው? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አሉ።

«ነጥቦቹ መውረድ አለባቸው፣ እትዬ» አለች ሲሃም። «ወርደው ይቆያሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ይወጣሉ።»

«ሲወርድ ነው ጎሉ?» አለ ፋኦል፣ እንደተኮሳተረ።

«ሲወርድ ግማሽ ነው። ሲመለስ ነው ሙሉው።»

የጠበቀችው ሰዓት ደረሰ። ነጥቦቹ ንቅንቅ አላሉም። ሰዓቱ አለፈ። አውስትራሊያዎቹ «እንተወው?» ብለው ጻፉ። ሲሃም «ትንሽ ቆዩ» ብላ መለሰች። ፊቷ አመድ መስሏል። እኔም በሆዴ፣ ሰኞ ገበያ ላይ የሚሏትን እየሰማሁ ነበር።

ከዚያ አንድ ነጥብ ዝቅ አለ።

ከኋላ የነበሩት ተነሡ። «ተቀመጡ፣ አንድ ነጥብ ምንም አይደለም» አለች ሲሃም፤ እሷ ራሷ ግን ቆማለች። ሁለተኛው ወረደ። ሦስተኛው ከእሱም በታች። ቤቱ ጸጥ አለ፤ እኔ ቤት ጸጥታ ተሰምቶ አያውቅም። በዚህ መሀል ጄኔሬተሩ ሳል ሳል አለና ጠፋ።

ቤንዚን አልቋል። የዚያን ሰሞን ቤንዚን ማለት ማደያ ተሰልፎ ማደር ነበር፤ የሚሸጥም የሚያበድርም የለም። ሲሃም ጥቁሩን ስክሪን እያየች «ያዞሩታል» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ፋኦል ተነስቶ ወጣ። በዚህ ሰዓት ትቶን ሄደ ብዬ በልቤ ሰደብኩት።

ሲመለስ ልብሱ ከላይ እስከ ታች ርሶ፣ በእጁ ሙሉ ሃይላንድ ቤንዚን ይዟል። ከባጃጁ ቀድቶት ነው። ለዚያ ቤንዚን ሲል ከሐሙስ ጀምሮ ተሰልፎ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን።

«ምን ታየኛለህ? ጨምረው፣ ማሎ፣ እባክህ» አለኝ።

ስክሪኑ ሲበራ «እያዞርነው ነው፣ አለሽ?» የሚል መልእክት ጠበቃት። «አለሁ፣ አትንኩት» ብላ ጻፈች፣ ጣቶቿ እየተሳሳቱ። ነጥቦቹ ታች ናቸው። ቆዩ። አንዱ ቀና አለ። ሌላው ተከተለ። የመጨረሻው ከመጀመሪያው መስመር ጋር ሲተካከል ሲሃም ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ከአውስትራሊያ የመጣውን እሷ ማንበብ ስላልቻለች እኔ ተርጉሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ «ዓለሚቱ አለች። ያንቺ ናት።»

ጣሪያው አልወረደም እንጂ ጩኸቱ ሊያወርደው ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ ማን አየኝ አላልኩም።

«ዝናብ አለባት?» አሉ እትዬ መስቱራ።

«ገና አናውቅም፣ እትዬ። ሊኖር ግን ይችላል።»

«ካለባትማ እንደኛው ኢሉባቦር ናት፣ በሏ» አሉና ለሁሉም ሻይ መቅዳት ጀመሩ።

ሲመሽ የፋኦልን ባጃጅ እየገፋን ወደ ቤቱ ወሰድን። እሱ መሪውን ይዟል፣ እኔና ሲሃም ከደንበኞቼ ጋር ከኋላ ጭቃ ውስጥ ነን። አንድ ሰው ከሱቁ በረንዳ ላይ ሆኖ ማን እንዳሸነፈ ጠየቀን።

«ሲሃም» አለው ፋኦል፣ ሳይስቅ። ዳገቱ ይጀምር ስለነበር ሁላችንም ጠንክረን ገፋን።