ከዲስኩ የተፋቀው ዘጠኝ ቁጥር

"ያረጋልስ?" አለ ላቀው፣ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ ጥሎ። "ኧረ ዘጠኝ ቁጥራችን የት ገባ?"

የእስማኤል ጌም ቤት ውስጥ አሥራ አራት ትልልቅ ሰው ተፋፍጎ ተቀምጧል። ዓርብ ነው፣ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ሥራ የለም። ቆርቆሮው ከላይ ይጋግራል፣ ቬንቲሌተሩ ያንኑ ትኩስ አየር ከአንዱ አንገት ወደ አንዱ አንገት ያመላልሳል። ሚስት ያለው፣ ልጅ ያለው፣ ሽበት የጀመረው ሁሉ ዓርብ ዓርብ እዚህ ይታጎርና ቴሌቪዥን ውስጥ ትንንሽ ሰዎች ኳስ ሲራገጡ እያየ ይጮሃል። ሚስቶቻቸው ምን እንደሚሏቸው ባይነገር ይሻላል።

የዛሬ ልጆች እኮ አዲስ ማሽን፣ አዲስ ጌም አላቸው፣ ሰውየው ላቡ ሲንጠባጠብ እንኳ የሚያሳይ። እነዚህ ግን ዞር ብለውም አያዩት። የእነሱ ያች አሮጌዋ ጌም ናት፣ ከተዋዋ የስደተኞች ካምፕ ወጥተው ከተማ የገቡ ጊዜ መጀመሪያ ያዩዋት። እሷንም ቢሆን እንደተሠራች አይጫወቷትም። ታምሬ ነው የለወጣት።

ታምሬ ሱቅ ውስጥ ሞባይል ይጠግናል። ዝምተኛ ነው፣ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ሚስት የለውም፣ ለምን እንደሌለው ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ግማሹን ያውቃል። ይኼ ሰው አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ላይ ተጎልቶ የዲስኩን ሆድ ዕቃ ከፈተና ፈረንጆቹን አንድ በአንድ አወጣቸው። በእነሱ ቦታ የድሮውን የተዋዋ ካምፕ ቡድን አስገባ። የላቀውን ሰፋፊ ጆሮ ሠራ። የእስማኤልን ቅልጥም አጣመመ። ማሽኑ አማርኛ አልጽፍም ቢለው ማልያው ላይ ፊደሉን እንደ ጥልፍ ነጥብ በነጥብ ለቅሞ "ተዋዋ" ብሎ ጻፈበት። ጎል ሲገባ ደግሞ የእስማኤልን ድምፅ በሞባይል ቀድቶ ከተተበት፤ "ገባ! ወላሂ ገባ!" ሲል ጎዳና ላይ ያለ አህያ ይደነብራል። በየዓመቱ ፋሲካ ሲያልፍ አንድ ነገር አሻሽሎ አዲስ ዲስክ ያወጣል። ቅጂው ካርቱም ድረስ ይሄዳል፣ ካምፕ ያደጉት ሁሉ ይሻሙበታል።

የዚያ ቡድን ዘጠኝ ቁጥር ያረጋል ነበረ። ግራኝ ነው፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው። ከአራት ዓመት በፊት በሊቢያ በኩል እሻገራለሁ ብሎ ሄደ። እዚያ አገር ጦርነት ከገባ ወዲህ ድምፁ የለም። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። ዲስኩ ላይ ግን ዓርብ ዓርብ በግራ እግሩ ጎል እያገባ አለ።

ዛሬ በቦታው አንድ ፀጉረ ልውጥ ቆሟል።

"ታምሬ፣ አንተን እኮ ነው!" አለ ላቀው። "ያረጋልን ምን አደረግኸው?"

አሥራ አራቱም ዞረው በሩ አጠገብ የተቀመጠውን ታምሬን አዩት። አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር። ግን ምን ይበል? ባለፈው ሳምንት የዘንድሮውን አዲስ ዲስክ ሲሞክር ያረጋል ሦስት ጎል አገባ። የዚያኑ ዕለት ዕፀገነት፣ ያረጋል አጭቶ ትቷት የሄደው ልጅ፣ "የእሱ ወሬ ሳይታወቅ ለማንም ቃል አልሰጥም" ብላ መልሳዋለች። ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቷት መልሷ ይኼው ነው። ያ የቴሌቪዥን ያረጋል እጁን ዘርግቶ ሲፈነጥዝ ታምሬ ደሙ ፈላና ፋቀው፣ ጠባሳውንም ስሙንም። ይኼን በአሥራ አራት ወንድ ፊት ይናገራል?

ማጅራቱን አከከ። መሬት መሬት አየ። ዝም አለ።

ጉዱ የመጣው ከዚህች ዝምታ ነው። ሰው ሩቅ አገር ሲሞት መጀመሪያ የሰማው አይናገርም። ሆዱ ውስጥ ይዞት ይዞራል፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ማለዳ ቤተሰቡ ደጅ ቆሞ መርዶውን እስኪያረዳ ድረስ። "የሰማኸው ነገር አለ?" ተብሎ አንገቱን የደፋ ሰው መልሱን ሰጥቷል።

እስማኤል ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። "ኢና ሊላሂ" አለ በአፉ ውስጥ።

"ቆይ፣ ቆይ እስማኤል፣ እኔ እኮ..."

"ምንም አትበል ወንድሜ። ገብቶናል።" ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "ከባድ ነገር ይዘህ ነው የሰነበትከው።"

አንድ በአንድ ጫማቸውን እያደረጉ ወጡ። ላቀው ዓይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ ነበር።

ወሬ እንደሆነ ባለሦስት እግሯ ረክሻ አትቀድመውም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የዕድሩ ድንኳን ከመጋዘን ወጥቶ በላቀው ግቢ ተቀምጧል። አሥር ሰዓት ላይ ሴቶቹ የያረጋልን እናት፣ እማ በላይነሽን፣ መክበብ ጀመሩ። እሷ ፍየሎቿን እያለበች ወተት የምትሸጥ ሴት ናት። አንዷ ወተቷን ሁሉ ጠቅልላ ገዛቻት። አንዷ "ደክሞሻል፣ ልጥረግልሽ" ብላ መጥረጊያ ቀማቻት። በውኃ ተራ ተጣልታ ሁለት ዓመት ሰላምታ የነሣቻት ጎረቤቷ ሳትቀር ሁለት ኪሎ ስኳር ይዛ መጣች። በላይነሽ ስኳሩን ተቀበለችና ጎረቤቷን ትክ ብላ አየቻት።

ታምሬ ሱቁ ገብቶ መዝጊያውን ግማሽ ድረስ አውርዷል። አንዲት ብሎን ይፈታል፣ መልሶ ያጠብቃታል። አያ ወልደ ማርያም ጎንበስ ብለው ገቡ፣ የዕድሩ ዳኛ ናቸው። በዱላቸው ወለሉን መታ አደረጉ።

"ከማን እንደሰማህ አልጠይቅህም። በኋላ ትነግረናለህ።"

"አያ፣ የሰማሁት ነገር..."

"ግዴለም አልኩህ። ነገ ፀሐይ ሳትወጣ ነው። አንተ ከጎኔ ትቆማለህ፣ ቃሉን የማወጣው እኔ ነኝ። እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። ደግ ልጅ ነህ፣ ችለኸዋል።"

"ደግ" መባሉ እንደ እሾህ ወጋው። ሊናገር አፉን ሲከፍት ከሽማግሌው ኋላ ዕፀገነትን አያት፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ጎትታ ቆማለች። አያ ወልደ ማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወጡ። እሳቸውም ቢሆን ሰው ናቸው፣ ነገሩን ያውቃሉ።

"እኔን ፈርተህ ነው ያልነገርከኝ?" አለች።

"ገነት..."

"አላለቅስም፣ አትፍራ። አራት ዓመት አልቅሻለሁ፣ በልቅሶ ላይ ልቅሶ ጨምሬ የት አደርሰዋለሁ።" በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። "አንድ ነገር ልንገርህ። አርባው ይውጣና ሽማግሌህን ላክ። እሺ ነው መልሴ።"

ሁለት ዓመት የለመነው ቃል ነበር። አሁን የሚፈለግበት አፉን ዘግቶ መቆየት ብቻ ነው። ያረጋል ከኖረ ጥሩ፣ ከሞተም ያው ነው፣ ማን ይጠይቀዋል? ደግሞ ሞቶ ቢሆንስ?

ዝም አለ። ሄደች።

እስማኤል ሲመጣ ታምሬ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል።

"ተነሥ ያ ዞል፣ አንተ ሰው። መርዶ የያዘ ሰው እንዲህ አይሆንም።"

"አልሞተም እስማኤል።"

"ማን?"

"ያረጋል። ማለቴ አላውቅም። ምንም የሰማሁት የለም። ቀንቼ ነው የፋቅሁት። በገነት ቀንቼ።"

እስማኤል መጀመሪያ ሳቁ አመለጠው። ወዲያው አፉን በመዳፉ ከደነ። "በአላህ! ለሴት ብለህ ሰው ገደልክ?"

"ምን ላድርግ?"

"ምን ታደርጋለህ፣ ዲስኩ ተበላሽቶ ነው በል! ማሽኑ ነው በል። ማን ያውቅብሃል? እኛ ማብራት ማጥፋት እንጂ ሌላ ምን እናውቃለን።" እጁን ይዞ አስነሣው። "ቶሎ በል ብቻ። እማ በላይነሽ ገብቷታል። ፍየሎቿን በቀን ዘግታ ደጇ ላይ ቁጭ ብላለች።"

ሮጡ። ሁለት ጎልማሳ ሰው በዚያ ሙቀት ሲሮጥ ያየ ሁሉ ተከተላቸው፣ ሌላ ምን ሥራ አለው።

የበላይነሽ ደጅ ሰው ሞልቷል። ላቀውና ጓደኞቹ ሴትዮዋ ገብቷታል ሲባል ጊዜ ማለዳ መጠበቁን ትተው የድንኳኑን ቋሚ ተሸክመው መጥተዋል፣ አጥሩ ሥር ቆመዋል። በላይነሽ መሀል ላይ ናት። ዓይኗ ደረቅ ነው።

"ነገ ማለዳ ድረስ እንደ ጅል የምጠብቅ መስሏችሁ ነው?" ትላለች። "አንቺ፣ ስኳር ያመጣሽው! ሁለት ዓመት የዘጋሽኝ ሴትዮ ዛሬ ምን ስትዪ ወደድሽኝ? ሰው የሚወደድ ልጁ ሲሞት አይደለም?"

ጎረቤቷ ኋላዋን ኋላዋን ሄደች።

"በላይነሽ፣ ረጋ በይ" አሉ አያ ወልደ ማርያም።

"እርስዎ አይንገሩኝ። የሰማው እሱ ነው።" ታምሬን አይታዋለች። "ና፣ ታምሬ። ከልጄ ጋር አንድ ሳህን ላይ አብልቼሃለሁ። ና ንገረኝ።"

ሰዉ ለሁለት ተከፈለለት። ታምሬ ሄዶ ፊቷ ቆመ። ትንፋሹ አልተመለሰም።

"ምንም የለም እማ በላይነሽ። ዲስኩ ነው። ተበላሽቶ... ማሽኑ ነው የበላው።"

"ማሽኑ።"

"አዎ።"

"ሌሎቹን አሥሩን ትቶ የኔን ልጅ ብቻ?"

"ኧረ ይሆናል እማ በላይነሽ፣ ወላሂ ይሆናል" አለ እስማኤል ከኋላ፣ ማንም ግን አልሰማውም። በላይነሽ ራሷን ነቀነቀች። እንደምትለምን ሳይሆን የምታውቀውን ነገር እንደምታረጋግጥ ሴት ነበር የነቀነቀችው።

"ሸሸግኸኝ። ክፉ ሰው አይደለህም፣ ዛሬን ሳላውቅ ልታሳድረኝ ብለህ ነው" አለች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ወገቧ ላይ አዞረችው። መጀመሪያ አላጠበቀችውም። ቀጥላ አጠበቀችው። አንዷ ሴት ከኋላ "ወይኔ" ብላ ጀመረች፣ ሌላዋ ተቀበለቻት። በላይነሽ እጇን ወደ ሻሿ ሰደደች፣ ፀጉሯን ልትፈታ።

ያኔ ነው ለታምሬ የገባው። ሞት የሚደብቅ ሰው ሁልጊዜ ደግ ደጉን ይናገራል፤ ማሽን ይላል፣ ዲስክ ይላል፣ ደህና ነው ይላል። ከእንግዲህ የሚላት ደግ ነገር ሁሉ ለዚህች ሴት መርዶ ነው። ሞት ለመደበቅ ብሎ ራሱን በሰው ፊት የሚያዋርድ ግን የለም። ዕፀገነትን ፈለጋት። ከድንኳኑ ቋሚ አጠገብ ቆማ እሱን እያየች ነው። ይኼን ከተናገረ እሷ የለችም፤ እስከ መተማ ድረስም ለሰርግ ለቅሶው ሁሉ መሳቂያ ሆኖ ይኖራል።

"እኔ ነኝ የፋቅሁት!" አለ። ድምፁ ከልቅሶው በላይ ወጣ፣ ሴቶቹ ቆረጡት። "በገዛ እጄ። ምንም አልሰማሁም፣ ከማንም። ዕፀገነትን ፈልጌ ነው። እሷ እሱን ትጠብቃለች፣ እሱ ደግሞ እዚያ ቴሌቪዥን ውስጥ ቆሞ ጎል ያገባል። ማየት አቃተኝ። ጠዋት ሲጠይቁኝ ማፈሬን ነው እንደ መርዶ የያዙት። ለእሷም ቅድም ዝም ያልኳት አስቤበት ነው። እንድታገባኝ ብዬ ነው።"

ከግቢው ውስጥ አንዲት ፍየል ጮኸች።

የበላይነሽ እጅ ሻሿ ላይ እንዳለ ቀረ። ጠጋ ብላ ፊቱን አየች፣ ጆሮው ቀልቶ ላቡ በአገጩ ሲወርድ።

"ቀናህ?"

"ቀናሁ።"

"በሌለ ሰው?"

"በሌለ ሰው።"

እጇን አወረደችና የነጠላዋን ቋጠሮ መፍታት ጀመረች። ጠብቆ ስለነበር ጊዜ ወሰደባት፣ ማንም ላግዝሽ አላላትም።

"ይኼስ እውነት ነው" አለች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መልሳ። "ይኼን የመሰለ ቅሌት ለውሸት ብሎ የሚሸከም የለም።" ወደ ሴቶቹ ዞረች። "ወደየቤታችሁ ሂዱ። ስኳሩን ግን አልመልስም።"

አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ገሠጸው፣ ወዲያው ማንሾካሾኩ እንደ ንብ ተነሣ። አያ ወልደ ማርያም በታምሬ አጠገብ ሲያልፉ አላዩትም። ዕፀገነት ዞራ መንገድ ጀምራለች፣ አልሮጠችም፣ ወደኋላም አላየችም።

እስማኤል በክርኑ ነካው። "ተከተላት እንጂ! እግሯ ላይ ውደቅ። አሁን ካልሆነ ኻላስ ነው፣ አበቃ።"

ታምሬ መንገዱን አየ። ነጭ ነጠላዋ ገና አልራቀም፣ ቢፈጥን ይደርስባታል። ላቀው የድንኳኑን ረጅም ቋሚ በአንድ ጫፉ አንሥቶ ሌላውን ጫፍ የሚይዝለት ሰው አጥቶ ዙሪያውን ይመለከታል፤ ጫፉ ታምሬ እግር ሥር ነው፣ ማንም እሱ አጠገብ መጠጋት አልፈለገም።

ታምሬ ጎንበስ አለና ጫፉን አነሣ። ትከሻው ላይ አደላድሎ ወደ መጋዘኑ ዞረ።

"ምራ" አለው ላቀውን።