ኃይለ ጊዮርጊስ የከለለው መንገድ

ባሌ ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ ኮምፒዩተሩ ግን እስካሁን አልሰማም። ልጄ ሔራን የጉዞ ፕሮግራሙን በከፈተችው ቁጥር «ቻኦ ኃይለ ጊዮርጊስ! ዛሬስ ወዴት?» ብሎ ይቀበላታል። ወዴት እንደሄደማ እኔም ባወቅኩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው፤ እዚህ ጣልያን፣ ቶርፒኛታራ ሰፈር ካለችው ጠባብ ቤታችን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠናል። ሔራን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ሦስት ወሯ፣ ካምፐሩን እኔ ካልነዳሁ ብላ ተነሥታለች። ካምፐር የሚሉት አልጋም ምድጃም ያለው መኪና ነው። የእኛው ያረጀ ነው፤ እቤታቸው እየኖርኩ ያስታመምኳቸው አሮጊቷ ሲኞራ ሲሞቱ፣ ልጆቻቸው የሚያቆሙበት ቢቸግራቸው ለእኛ ሰጡን። በየክረምቱ ስፐርሎንጋ ድረስ ወደ ባሕር የምንሄደው በእሱ ነበር።

መንገዱን የሚያወጣው ኃይለ ጊዮርጊስ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ በዚህ ጉዳይ ግትር ነበር። የካምፐሩን ቁመትና ክብደት ያስገባል፤ ፕሮግራሙም ዝቅ ያለ ድልድይና ጠባብ መንገድ እየሸሸ መስመር ይሠራለታል። ያም አልበቃው ብሎ ከላቲና በታች፣ ስደተኞች በየማለዳው በብስክሌት ወደ እርሻ በሚሄዱበት ሜዳ ላይ በገዛ እጁ ቀይ ሳጥን ሥሏል፤ በዚህ በኩል አታሳልፈን ማለቱ ነው። መስመሩ እዚያ ሲደርስ፣ ሰው የተኛበት ይመስል ዙሪያውን ይሄዳል። በዚህ ሳጥን ምክንያት በፍሮዚኖኔ በኩል ተራራ ለተራራ ዞረን፣ ሃምሳ ደቂቃ ጨምረን፣ እኔ አንጀቴ እስኪገለበጥ ነበር ባሕሩን የምናየው። ለምን ሲባል «ዝቅተኛ ድልድይ አለ» ይላል፤ ሌላ ቃል አይወጣውም።

«ማማ፣ እዚህ ጋ ድልድይ የሚባል ነገር የለም እኮ» አለች ሔራን። የመንገዱን ፎቶ አወጣችው። ቀጥ ያለ አስፋልት፣ በአንድ በኩል የውኃ ቦይ፣ በሌላው በኩል የባሕር ዛፍ ተራ። «ጓርዳ፣ እይው! ፓፓ ለምንድን ነው የዋሸን?»

ባሕር ዛፎቹን አየኋቸው። ቦታውን አውቀዋለሁ።

የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ካምፐሩን ባገኘን ሰሞን ነው። መንዳት እየተማርኩ ነበር፤ የለማጅ ወረቀቴን ይዤ እነዳለሁ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ ጎኔ ተቀምጦ ያስተምረኛል። ጥቅምት ነው፤ ገና እየነጋ፣ ያካፋል። ሔራን የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ኋላ አልጋው ላይ ተኝታለች። በቀኝ በኩል አንድ ነገር ገጨሁ። ፍሬን ያዝኩ። «እንዳትወርጂ» ብሎኝ ኃይለ ጊዮርጊስ ወረደና ወደ ኋላ ሄደ። ቆየ። ብረት ሲጎተት ሰማሁ፤ ከመንገዱ ላይ አንድ ነገር እያነሣ መሰለኝ። ሲመለስ ጃኬቱን አልለበሰም። «ውሻ ነው። ሞቷል፤ ጃኬቴን አለበስኩት» አለኝና መሪውን ተቀበለኝ። ከዚያ ወዲህ መሪ ነክቼ አላውቅም።

ውሻ ነው አለኝ፣ አመንኩት። እንዲያውም ስተርበው ኖሬያለሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «የእኔ ባል እኮ ውሻ በጃኬቱ የገነዘ ነው» እያልኩ ቤቱን በሳቅ አፈርስ ነበር። እሱ አንድም ቀን አልሳቀም። ቀልድ አያውቅም ብዬ ነበር የማማው።

አሁን ግን ጠረጠርኩ። ለውሻ ብሎ ዕድሜ ልኩን በተራራ የሚዞር ሰው አለ?

«ተይው» አልኳት። «አባትሽ ያወጣው መንገድ ይሻለናል።»

«ኖ ማማ። ሳጥኑን ላጥፋውና በቀጥታው እንሄዳለን።»

ሳጥኑን ስትነካው ከሥሩ ማስታወሻ ወጣ። በአማርኛ ነው የተጻፈው። ልጄ አማርኛ ትናገራለች እንጂ ፊደሉ አይገባትም፤ ያን ሁሉ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ወስጄ ያስቆጠርኳት ከንቱ ቀርቷል። «አንብቢልኝ» ብላ ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞረችው።

«ጥቅምት ፲፪። ስሙን አንተ ለምታውቀው ባሪያህ» ይላል።

ለሙት ጸሎት ስናስደርግ ለቄሱ የሟቹን የክርስትና ስም እንሰጣለን፤ እሳቸውም በስሙ ይጠሩታል። ስሙን የማታውቀው ሰው ሲሆን እንዲህ ትላለህ። ለውሻ እንዲህ አይባልም። ያ ሲጎተት የሰማሁት ብረትም ብስክሌት ኖሯል። ኃይለ ጊዮርጊስ ጥቅምት ዐሥራ ሁለት በመጣ ቁጥር ከሥራ ቀርቶ፣ ጧፉን ይዞ፣ ብቻውን ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ነበር። ቀኑ የሚካኤል ነው፤ እኔም ባሌ የሚካኤል ወዳጅ ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራ ነበር።

ማልቀስ ሲገባኝ ተናደድኩ። ለእኔ ብሎ መሆኑ ገብቶኛል። ያኔ የመኖሪያ ፈቃዴ ገና አልታደሰም፣ ልጃችን ሕፃን ናት፤ ያስሩብኛል፣ ይመልሱብኛል ብሎ ነው። ግን ማን ለመነው? የእኔን ኃጢአት ብቻውን ተሸክሞ፣ እኔ ስስቅ እያየኝ ኖሮ ሞተ። የዚያ ሰው እናት ደግሞ የሆነ አገር ተቀምጣ ስልኳን ታያለች።

«ማማ? ምን ይላል?»

መዋሸት እችል ነበር። ፊደሉን አታውቅ፣ ማን ይነግራታል። አፌን ከፈትኩ።

«ሰው ገድያለሁ» አልኳት። «አባትሽ አይደለም። የምነዳው እኔ ነበርኩ። አንቺ ኋላ ተኝተሽ ነበር።» ከዚያ ስለ ዝናቡም፣ ስለ ጃኬቱም፣ ስለ ብረቱም ሁሉንም ነገርኳት።

ሔራን እጇን ከኮምፒዩተሩ ላይ አነሣች። «ጥላችሁት ስትሄዱ... ሞቶ ነበር?» አለችኝ።

«ሞቷል ብሎኛል።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ውሻ ነው ብሎም ነግሮኛል እኮ። 

«አጥፊው ሳጥኑን» አልኳት። አጠፋችው። መስመሩ ወዲያው ቀጥ አለና፣ ፕሮግራሙ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ እንዳተረፍን በአረንጓዴ ጽሑፍ አበሠረን። «አሎራ፣ እንግዲህ ባሕሩን ተይው። ባሕር ዛፎቹ ጋ ማረፊያ አድርጊልኝ። መጀመሪያ እዚያ እንወርዳለን፤ ከዚያ ካራቢኔሪ ፖሊስ ጣቢያ ትወስጂኛለሽ፣ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

ልጄ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ቦታው ላይ ነካች። አንድ ባዶ መስመር ብቅ አለ።

«ለማረፊያው ስም ስጡ ይላል» አለች። ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አሳርፋ ጠበቀችኝ። «ያለ ስም አይቀበልም፣ ማማ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

ምን ልበላት? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ውሻ እያልኩ ነው የጠራሁት።