ቀይ ነጥብ ያለው ኮምፒውተር

የድሮ ኮምፒውተር ስገዛ አንድ ልማድ አለኝ፦ የወደድኩትን ዕቃ አጣጥላለሁ። ሻጭ ዓይንህ ሲበራ ካየ አለቀልህ። በእሁዱ ገበያ «መሐንዲሱ» ነው የምባለው፤ እኔ «አይረባም» ያልኩትን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። በዚህ እኮራ ነበር፤ ቂል!

ያን እሁድ ከተጠማዘዘ ሽቦና ከተሰባበረ ቴሌቪዥን መሀል አንድ ወይቦ ቢጫ የሆነ ኮምፒውተር አየሁ። ማብሪያው ላይ በጥፍር ቀለም የተቀባች ቀይ ነጥብ አለች። ክው አልኩ። ነጥቧን የቀባችው ታላቅ እህቴ ናት፤ አባታችን ዓይኑ ሲደክም ማብሪያው እንዳይጠፋበት ብላ። አባባ ሦስት ዓመት ሙሉ የሕይወቱን ታሪክ የጻፈው በዚህ ኮምፒውተር ነው። ሳያሳትመው ሞተ። እናቴ ደግሞ ቤት ስታጸዳ ለአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ሰጠችው። ሌላ ቅጂ የለንም፤ ስድስት ዓመት ፈልጌዋለሁ።

 አፌ ግን የለመደውን ቀጠለ።

«ጋሼ፣ ይሄን ቅራቅንቦ ደግሞ ከየት አመጡት?»

«ከአንድ መጋዘን ነው። ምነው፣ አይሠራም እንዴ?» አሉ ሽማግሌው ሻጭ።

«ምን ይሠራል! ውስጡ ሞቷል። ፈታተው መዳቡን ቢያወጡለት ነው የሚሻልዎት።»

«እውነትህን ነው?»

«እኔ እርስዎን ልዋሽ?»

አጣጥዬ እሄዳለሁ፤ አንድ ዙር ዞሬ ስመለስ ሻጩ ራሱ «በል ውሰደው» ይለኛል። ሁሌም እንዲህ ነው። ጥግ ይዤ ለእህቴ ደወልኩላት።

«የአባባን ኮምፒውተር አገኘሁት! ነጥብሽ እንኳን አልለቀቀችም።»

 ማልቀስ ጀመረች።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ይዘኸው ና እንጂ!»

«ትንሽ ልዙር፤ እንዳይነቁብኝ።»

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ እንኳን ይቅርብህ!»

አልሰማኋትም። ስመለስ የመዶሻ ድምፅ ተቀበለኝ። ሽማግሌው መሬት ቁጭ ብለው ሽቦ ይለያሉ። ክዳኑ ተገንጥሏል። ሃርድ ዲስኩ ተፈልቅቆ፣ የአባቴ ጽሑፍ ያለበት የሚያብረቀርቀው ሳህን ተጣሞና ተሰነጣጥቆ አፈር ላይ ተጥሏል።



«ምን አደረጉ?» ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም።

«ያልከኝን ነዋ! ሌላ ሰው ቢለኝ አላምንም፤ አንተ ካልክ ግን አለቀ። አሁን እንኳን አንዱ እንዳለ ልግዛው ብሎኝ፣ አይሠራም ብዬ መለስኩት። ሰው አላታልልም።»

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ልጮህባቸው ፈለግኩ። ምን በድለውኝ? እሳቸው ያመኑት እኔን ነው።

ከክምሩ ውስጥ አንዲት ነገር ፈልገው፣ በሸሚዛቸው ጠርገው ሰጡኝ።

«እንካ፣ ለምክርህ። ይቺ ቀይ ነጥብ ታምራለች።»

ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት።

«ይዘኸዋል?» አለችኝ፤ ገና እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር።

«ማብሪያውን ብቻ» አልኳት።