የማዶዋ እጅ

ልጅቱ የፀጉር ቤቱን በር ከፍታ ስትገባ እናትየው ቀድማ ያየችው ፀጉሯን ነው። ሹሩባ ተሠርታለች። ፀጉር ሠሪ እናት እያለቻት ሌላ ቤት ተሠርታ መጣች።

«የማን ሥራ ነው?» አለች፣ እያወቀች።

«የማዶዋ።»

ልጅቱ ኢኮኖሚስት ናት። የትኛው ሙያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ የትኛውስ አያስፈልገውም እያለች ስታጠና ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ስብሰባ ይጠሯታል። እናትየው ይህንን ለደንበኞቿ አውርታ አትጠግብም። ዘንድሮ ግን ጥናቱ እዚሁ ሰፈር መጣና፣ ልጇ ከመንገዱ ማዶ ሆና ያለ ፈቃድ ፀጉር ከምትሠራዋ ሴት ዘንድ መዋል ጀመረች። ስትስቅ በመስኮቱ ትታያታለች። እኔስ ፈቃዴን ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ለዝንብ ነው? ትላለች በሆዷ። አጥኚ የገዛ ዘመዷን መጠየቅ እንደማይፈቀድላት ልጅቱ አስረድታታለች፤ ለእናትየው ግን ውሃ የማያነሳ ሰበብ ነው።

ዛሬ ቆርጣለች። የፈቃድ ተቆጣጣሪውን ቁጥር ስልኳ ላይ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች። አንዴ ብትነካው የማዶዋ ቤት ይታሸጋል።

ልጅቱ ቁጥሩን አየችው። አልተቆጣችም። የደንበኞቹ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ሰጠቻት።

«እማ፣ እስቲ እይው። ፈቃድ ቢኖራት ከዚህ የተሻለ ትሠራ ነበር?»

እናትየው እንከን ፍለጋ ጣቷን ሰደደች። መስመሩን ከግንባር እስከ ማጅራት ተከተለችው። የላላ የለም። ቆዳ የሚስብም የለም። ጫፎቹን አንድ በአንድ ገለበጠች።

«ታዲያ ለምን አትፈተንም?»

«ተፈትናለች። እጇ አልፎ የጽሑፉ ፈተና ጣላት። እንዳንቺው።»

እናትየው ራሷ ሦስቴ ወድቃለች። ያለፈችው ይህችው ልጅ፣ ያኔ ገና ተማሪ ሳለች፣ ከትምህርት ቤት እየመጣች ፊደል ካስቆጠረቻት በኋላ ነው።

«እሷንም ታስነብቢያታለሽ?» አለች እናትየው።

«አይ። ያንን ያደረግኩት ላንቺ ብቻ ነው።»

እናትየው ስልኩን አንስታ ቁጥሩን አጠፋችው።

«ሥራዋ ንጹህ ነው» አለች። «እንዲያ ብለሽ ጻፊ።»

«የዘመድ ቃል አይጻፍም፣ እማ።»

«እንግዲያው ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ እኔ ልሥራሽ» አለችና፣ ማበጠሪያዋን ይዛ የማዶዋን ሹሩባ ትፈታው ጀመር።