የብሎክ አሥራ ሰባት ጸሐፊ

ሶሬቲ በማኔጅመንት በማዕረግ ስትመረቅ ሥራ እንደማታጣ እርግጠኛ ነበረች። ወሎ ሰፈር ያለ አንድ የመለዋወጫ አስመጪ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ሲጠራት ከየካ አባዶ በማለዳ ተነስታ ቀድማ ደረሰች።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ ብርኽቲ ስለ ትምህርቷ ብዙም አልጠየቋትም። የተቆጣ ደንበኛ የጻፈውን ደብዳቤ ሰጧትና «እስቲ መልሺለት» አሏት። ሶሬቲ የደንበኛ እርካታ ምን ማለት እንደሆነ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈች።

«ልጄ፣ ይሄ ፈተና ላይ ማርክ ያመጣል» አሉ ወይዘሮ ብርኽቲ አንብበው። «ሰውየው ግን የጠየቀው ዕቃዬ የት ደረሰ ብሎ ነው።»

ሶሬቲ ፊቷ ጋለ። ተነስታ በሩ ጋ ስትደርስ ግን ዞረች።

«እንደማልቀጠር ገብቶኛል። ምን ብሠራ ነው ይሄን የምለምደው?»

ሴትዮዋ አሰብ አደረጉ። «ከተቆጣ ሰው አትሽሺ። አንድ ችግር ያዢና እስኪፈታ አትልቀቂው።»

ያን ሰሞን እነሶሬቲ በሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም፣ ብሎክ አሥራ ሰባት፣ የውሃ ፓምፑ ተበላሽቶ፣ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ውሃ ከጠፋ አምስት ሳምንት ሆኖት ነበር። እሁድ በተጠራው የነዋሪዎች ስብሰባ ሰብሳቢው አቶ ይሕደጎ «ጸሐፊ የሚሆን?» ሲሉ ሁሉም አንገቱን ደፋ። ሶሬቲ እጇን አወጣች።

«ስድቡን ትችዪዋለሽ?»

«እለምደዋለሁ፣ ጋሼ።»

በማግስቱ በየቤቱ እየዞረች «የፓምፑ ጉዳይ የደረሰበትን ሐሙስ እነግራችኋለሁ» ስትል፣ አራተኛ ፎቅ የምትኖረው ናዲያ «ወሬ ሰለቸን!» ብላ በሩን ፊቷ ላይ ዘጋችባት። ሶሬቲ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሐሙስ ተመልሳ አንኳኳች። «ዛሬም አዲስ ነገር የለም። እነግርሻለሁ ስላልኩ ነው የመጣሁት» አለቻት። ናዲያ በሩን አልዘጋችም።

ፓምፑን የሚጠግነው ቴክኒሻን አብኔዘር ሁልጊዜ «ነገ» ነበር የሚለው። ሶሬቲ ቀንና ሰዓት አስቆርጣ፣ ከነስሙ ጽፋ መግቢያው ላይ ለጠፈችው። ሁለቴ ቀረ፤ ሁለቴም አዲስ ቀን ተለጠፈ። በሦስተኛው ነዋሪው መንገድ ላይ ሲያገኘው ይጠይቀው ጀመርና መጣ። የጎደለውን ዕቃ አብራው ዞራ ፈለገች። በሳምንቱ ናዲያ ከላይ ሆና «ሶሬቲ፣ ውሃው መጣ!» ብላ ስትጮህ ደረጃው ሁሉ አስተጋባ።

ቦሌ ያለ አንድ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ሲጠራት ይህንኑ ተረከች።

«ማን አዝዞሽ ነው?» አላት አንደኛው ጠያቂ።

«ማንም። ውሃ አልነበረም።»

ከሁለት ቀን በኋላ ተደወለላት። በደንበኞች አገልግሎት ለሦስት ወር ሙከራ ተቀብለዋታል፤ ሰኞ እንድትጀምር ነገሯት።

«ማክሰኞ ቢሆንልኝስ?» አለች ድምፅዋን አረጋግታ። «ሰኞ የውሃ ታንከራችን ይታጠባል። ለነዋሪው ቃል ገብቻለሁ።»

ከስልኩ ማዶ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ።

«እሺ፣ ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል። እንዳታረፍጂ።»