ሁለተኛዋ ፈንታሌ

ዋፊቃ ሁለተኛዋን ፈንታሌ ያየቻት ከግማሽ ፍጻሜው በፊት በተሰጠው የሃያ ደቂቃ እረፍት ላይ ነበር። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ባለው ሆቴል አዳራሽ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ካርዶቿን በየዓይነታቸው ስትለይ፣ ዳሯ ወርቃማ የሆነች፣ የሚጨስ ተራራ የተሣለባት ካርድ ወጣች። ለብቻዋ አስቀመጠቻት። ሰባት ስምንት ካርድ ቆጥራ ሳትጨርስ ያችው ተራራ እንደገና ብቅ አለች። ቶሎ ብላ ሁለቱንም በመዳፏ ሸፈነቻቸው።

"ስምጥ" የሚሉትን ይህን ጨዋታ የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው የካርድ አመራረጡን ደንብ ነው። ተጫዋቹ ከሰበሰባቸው ካርዶች አርባ መርጦ የራሱን ጥቅል ያዘጋጃል፤ ጥቅሉን ዴክ ይሉታል። ሰጎንም ሆነ ጉማሬ፣ ተራ ካርድ እስከ ሦስት ጊዜ ቢደጋገም ችግር የለውም። ዳራቸው ወርቃማ የሆኑት ግን ጉልበታቸው ከባድ ስለሆነ ከየዓይነቱ ከአንድ በላይ አይፈቀድም። ከነሱም የምትፈራው ፈንታሌ ናት። እሷ ስትወጣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው የሁለቱም ሰው ካርድ ተጠራርጎ ይነሣል።

እንዴት እንደገባች ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ ከአክስቷ ልጅ ከሱሃይላ ጋር ሲለማመዱ ቆይተው ነበር። ሁለቱም እያንዳንዱን ካርድ የሚያስገቡበት ፕላስቲክ ጥቁር ስለሆነ፣ ካርዶቻቸው ከጀርባ አይለዩም። ሱሃይላ ሕፃኗ ስታለቅስባት ካርዶቹን ሰብስባ በችኮላ ሁለት ቦታ ከፈለቻቸው። ዋፊቃ እቤቷ ስትደርስ ቆጠረች፤ አርባ ሞላ፤ በዚያው ተኛች። ለካ አንድ ጉማሬዋ ወደ ሱሃይላ ሄዶ የሱሃይላ ፈንታሌ ወደሷ መጥታለች።

ዳኛው ኡበይደላ ለግማሽ ፍጻሜ የሚያልፉትን የአራቱን ሰዎች ዴክ እንደሚፈትሽ ጠዋት ተናግሯል። የመድኃኒት ቤት ሥራዋን እያስፈቀደች፣ ቅዳሜዎቿን ሁሉ ሰጥታ አንድ ዓመት የለፋችበት ውድድር ነው። አሸናፊው አዲስ አበባ ሄዶ ከሌሎች ከተሞች አሸናፊዎች ጋር ይጫወታል። ከዚህ ቀደም ከመጀመሪያው ዙር አልፋ አታውቅም። ቦርሳዋ ውስጥ ትርፍ ካርዶች ነበሩ። አንድ ጉማሬ አወጣች፤ አንዷን ፈንታሌ በመድኃኒት ቤቱ ደረሰኝ ጠቅልላ ቦርሳዋ ኪስ ውስጥ ከተተችና ጉማሬውን በቦታዋ ተካች። አሁን ትክክል ነኝ አለች ለራሷ።

ኡበይደላ መጣ። ካርዶቹን አንድ በአንድ እየገለጠ ካስመዘገበችው ዝርዝር ጋር ሲያመሳክር ዓይኗን ከጣቶቹ ላይ መንቀል አቃታት። ሲጨርስ ምንም ጉድለት እንደሌለበት ነግሯት፣ መልካም ዕድል ተመኝቶላት ወደ ቀጣዩ ሄደ። እፎይ ማለት ነበረባት። እሷ ግን የጠዋቱን ጨዋታ ማስታወስ ጀመረች።

ጠዋት የገጠማት ኦቦ ነገሪ የሚባሉ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከአዳማ ጅቡቲ ከባድ መኪና የነዱ ናቸው፤ በወጣቶቹ መሐል ቆብ ያደረጉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጨዋታው እንደተጋመሰ ዋፊቃ ፈንታሌን አውጥታ ጠረጴዛውን አጸዳችው። ኦቦ ነገሪ ተስፋ ሳይቆርጡ ካርዶቻቸውን እንደገና ደረደሩ። ሊያሸንፏት አንድ ተራ ሲቀራቸው ፈንታሌ ድጋሚ እጇ ገባች፤ አወጣቻትና አሸነፈች። ያኔ ምንም አልጠረጠረችም። "ሶደሬ" የምትባል፣ የወደቀ ካርድ ወደ ዴክ የምትመልስ ሌላ ካርድ አለቻት፤ በሷ መልሻት ይሆናል ብላ አለፈችው። አሁን ስታስበው ግን ሶደሬን በዚያ ጨዋታ ጨርሶ አልሳበቻትም ነበር።

ይህን እያሰላሰለች ኦቦ ነገሪ ራሳቸው ወደሷ ሲመጡ አየች። ቦርሳዋን ሳታስበው ወደ ራሷ ሳበችው።

"አካም ልጄ፣ ልረብሽሽ አይደለም" አሉ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። "አንድ ነገር ላጣራ ብዬ ነው። ጠዋት ፈንታሌን ሁለቴ አውጥተሻል ወይስ አንዴ?"

ዋፊቃ ለምን እንደጠየቋት ጠየቀቻቸው።

ኦቦ ነገሪ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አስረዷት። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ይረሳሉ። ምድጃ ለኩሰው ትተውት ወጥተዋል፤ አንድ ጊዜ ከገበያ ሲመለሱ ሰፈራቸው ጠፍቷቸው ያገኛቸው የባጃጅ ሹፌር ነው ያደረሳቸው። ልጃቸው ሚልካ ይህን ጨዋታ ያመጣችላቸው አእምሯቸው እንዲሠራ ብላ ነበር፤ እሳቸውም ወደዱት። ጠዋት ከተሸነፉ በኋላ ለሚልካ ደውለው፣ የገጠመችኝ ልጅ ፈንታሌን ሁለቴ አውጥታለች፣ ሶደሬን ግን አላየሁም አሏት። እሷም ደንቡ አንድ ብቻ እንደሚፈቅድ፣ ሶደሬ ስትወጣ ረስተዋት እንደሚሆን ነገረቻቸው።

"ከዚያ ወዲህ እዚያ ጋ ቁጭ ብዬ ሳስብ ነበር" አሉ። "ሁለቴ ማየቴን እርግጠኛ ነኝ። ካልሆነ ግን ንገሪኝ፤ ብሶብኛል ማለት ነውና ልወቀው።"

መዋሸት ሌላ፣ ዝም ማለት ሌላ ነው እያለች ራሷን ያጽናናችበት ሁሉ ከፊቷ ጠፋ። አንድ ቃል ብትላቸው፣ "ሶደሬን አውጥቼ ነበር" ብትላቸው፣ ያምኗታል። አምነዋትም በሕመማቸው ላይ ሌላ ሕመም ይዘው ይሄዳሉ። ከመድረኩ በኩል ግማሽ ፍጻሜው አምስት ደቂቃ እንደቀረው ሲነገር ሰማች።

"አልተሳሳቱም" አለች። "ሁለቴ ነው ያወጣሁት። ዴኬ ውስጥ ሁለት ነበሩ። አላወቅሁም ነበር፤ ቅድም ሳየው ግን ደበቅሁት።"

ደረሰኙን ፈትታ ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። ይጮኹብኛል ብላ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። እሳቸው ግን ያለችውን እንድትደግምላቸው ለመኗት። ደገመችላቸው። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉና ሰጧት።

"ለሚልካም ንገሪልኝ" አሉ።

ለማታውቃት ሴት ኀፍረቷን በስልክ መናገር ከሁሉም ከበዳት። ሚልካ አዳመጠቻትና፣ ይህን የምትለው አባቷን ለማስደሰት ከሆነ እንደማይጠቅማቸው ነገረቻት። ማክሰኞ የሚያያቸው ሐኪም የሚጠይቀው እውነቱን ነው። ዋፊቃ ስለ ሱሃይላ፣ ስለ ጥቁሩ ፕላስቲክ፣ ስለ ጉማሬው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘረዘረችላት።

"እንግዲያው የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አለች ሚልካ። "አባቴን ስጪኝ።"

ዋፊቃ ስልኩን መልሳ፣ ካርዷን ይዛ ወደ ኡበይደላ ሄደች። ኡበይደላ ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱ ጠቆረ። ሳታውቅ ማስገባቷ ቀላል ቅጣት እንደነበረው፣ አውቃ ከፍተሻ መደበቋ ግን ከውድድር እንደሚያስወጣ ነገራት። በግማሽ ፍጻሜ ሊገጥማት የነበረው ልጅ ያለ ጨዋታ አለፈ። የጠዋቱ ጨዋታ ግን ዙሩ ስላለፈ ሊደገም አልቻለም። ይህንንም ለኦቦ ነገሪ ሄዶ ይቅርታ እየጠየቀ አስረዳቸው፤ እሳቸውም ይሁን አሉ።

ከሰዓት በኋላ የተጫዋቾቹ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ስሟ ሲነሣ ዋለ። አንዳንዱ ሌባ አላት፤ አንዳንዱ ራሷ መናገሯን አነሣላት። ሁሉንም አነበበችው። ሱሃይላም ደውላ ስታለቅስ እሷው አጽናናቻት። በሳምንቱ የቅጣቱ ደብዳቤ ደረሳት፤ ለሦስት ወር ከውድድር ታግዳለች።

ሚልካ የውድድሩ ቀን አባቷን ልትወስድ መጥታ ዋፊቃን በር ላይ አግኝታት ነበር። አመሰገነቻት፤ የማክሰኞው የሐኪም ቀጠሮ ግን እንደማይቀር ነገረቻት። ምድጃውም፣ የጠፋው ሰፈርም እውነት ነበሩ። ኦቦ ነገሪ ትንሽ ራቅ ብለው ባጃጅ እያስቆሙ ስለነበር ይህን አልሰሙም። ለሹፌሩ ቤታቸው የት እንደሆነ፣ በየት በኩል ቢሄድ መንገዱ እንደማይዘጋበት በራሳቸው አፍ ያስረዱት ነበር።