መስመሩን ቀየሩት

«እማ፣ መስመሩን ቀየሩት» አለችኝ ዛሂራ በስልክ።

«የምን መስመር?»

«የሊጉን። በእኛ በኩል የሴት ቡድኖች እየፈረሱ ጥቂት ቀረን። ከምዕራቡ ምድብ አውጥተው ወደ ምሥራቁ ከተውናል። አንቺ ሰፈር ቮስሎሩስ መጥተን እንጫወታለን።»

ከሱቁ መስኮት ጀርባ እንደቆምኩ ብረቱን ጨብጬ ያዝኩ። ልጄን ከዚህ ሰፈር ለማራቅ ስንት ደክሜያለሁ። እሷ ከተማው ውስጥ፣ ፎርድስበርግ፣ ከእህቴ ከራሕማ ጋር እየኖረች ትማራለች። እኔ እዚህ፣ ሎኬሽን በሚሉት ከከተማው ዳር ባለ የድሆች ሰፈር፣ ሱቄ ውስጥ እሸጣለሁ፣ ሱቄ ውስጥ እተኛለሁ። ደንበኞቼ ማማ ይሉኛል። ልጅ እንዳለኝ አንዳቸውም አያውቁም። የእኛ ሰዎች ሕግ ነው፤ ባለሱቅ የራሱን ሰው ለሰፈር አያሳይም። ልጁ ታውቆበት፣ ለገንዘብ ታፍኖ የተወሰደበትን አባት ለቅሶ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ወንዝ የለ፣ ተራራ የለ፤ በእስክሪብቶ ነው እንዴ ሰው የሚያዛውሩት?» አልኳት።

ሳቀች። «አትጨነቂ እማ። ምድቡን አንደኛ ሆነን ከጨረስን ወደ ላይኛው ሊግ እናልፋለን፣ ያኔ እዚያ አንመለስም። ካላለፍን ግን በየዓመቱ መምጣታችን ነው።»

«እንግዲያው አሸንፉ! ደግሞ ስሚኝ፣ ዛሂ። ሜዳው ከእኔ ሱቅ ጀርባ ነው። ብታዪኝ አታውቂኝም። እኔም አላውቅሽም።»

«እሺ» አለች።

የአላህ ነገር፣ ጨዋታው የውድድሩ መጨረሻ ላይ ዋለ። ወረቀቱን የለጠፉት በእኔው ሱቅ ግድግዳ ላይ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በተማርኩት የእንግሊዝኛ ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት። ፎርድስበርግ ካሸነፈ ያልፋል። የሰፈሩ ቡድን ካላሸነፈ ወደ ታች ይወርዳል።

ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ፣ አያቴ እንደ ማለት፣ የሚላት ቶኮ ዳቦ ልትገዛ መጥታ «ማማ፣ እሑድ የቡድናችንን ቀይ ልበሺ! የከተማ ልጆቹን ጠብሰን ነው የምንበላቸው!» አለችኝ።

«እሺ ጎጎ» አልኩ። እሑድም ቀይ ሻሽ አሰርኩ። በገዛ ልጄ ተቃራኒ ቆምኩ።

ከመስኮቴ ሜዳው አይታይም። የሚሰማኝ ጩኸቱ ብቻ ነው። ሰፈሩ ሲጮኽ ልቤ ይወድቃል፣ ጸጥ ሲል አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ከእረፍት በኋላ ረጅም ጸጥታ ሆነ። ደስ ብሎኝ ሳላበቃ ሰዎች ወደ ሱቁ ሲመጡ አየሁ። ሁለት ልጆች አንዷን በብብቷ ደግፈዋል። ጎጎ ቶኮ ከፊት ናት።

«ማማ፣ በረዶ! ቶሎ በይ!»

ዛሂራ ነበረች። ጉልበቷ አብጧል፣ ፊቷ በአቧራና በእንባ ተለውሷል። በረዶውን በፌስታል ሞልቼ በብረቱ መሃል አወጣሁላት። ጣቷ ጣቴን ነካው።

«ታንክ ዩ፣ ማማ» አለችኝ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ።

«በሩን ክፈቺላት እንጂ! ገብታ ጥላ ውስጥ ትቀመጥ» አለች ጎጎ።

በር በቀን አይከፈትም። ይህም ሕግ ነው። ቁልፉ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እጄ ሄደና ያዘው።

ኮፍያ ያጠለቀ ጎረምሳ ቀረብ አለ። «ማማ፣ ለአገርሽም ልጅ አታዝኚም? ይቺ ኢትዮጵያዊት አይደለችም እንዴ?» ብሎ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ተመለከተ። ደግሞ መልሶ እሷን።

ቁልፉን ለቀቅኩት። «አገራችን ሰፊ ነው። ሁሉን የት አውቄ» አልኩት።

ዛሂራ ቀና ብላ በሰፈሩ ቋንቋ፣ በዙሉ፣ «እኔ የፎርድስበርግ ልጅ ነኝ!» አለችው።

«ፎርድስበርግ በአንድ እግሯ!» ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁ። እሱም ሲጋራ ጠየቀኝ። ሸጥኩለት።

ጎጎ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ልጄን አስቀመጠቻት። በረዶውን ጉልበቷ ላይ ያዘችላት፣ ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላት፣ ጀርባዋን እያሻሸች አባበለቻት። እኔ ሲጋራ ሸጬ ሳበቃ ዳቦ ሸጥኩ።

በዚህ መሃል ከሜዳው ምድርን የሚያናውጥ ጩኸት ተነሣ። የሰፈሩ ቡድን አገባ። ጎጎ እልል አለች። ዛሂራ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ጎረምሳው እያየኝ ስለነበር እኔም እልል አልኩ።

መግሪብ ሰግጄ እንደጨረስኩ ደወለች።

«ሐኪም ቤት ነበርን። አልተሰበረም» አለችኝ።

«በሩን...» አልኩ። «ዛሂ፣ በሩን እንኳን ሳልከፍትልሽ...»

«ተይ እማ። ዛሬ ከሁላችንም አንቺ ተሽለሽ ተጫወትሽ። ማንም አላወቀም።» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አላለፍንም። ለከርሞም እዚያው ምድብ ነን» አለች።

ስልኩን ሳልዘጋ መስኮቱ ተንኳኳ። ሰፈሩ ይዘፍናል።

«ማማ! ተረፍን እኮ!» አለች ጎጎ ቶኮ። «ምን ታደርጊያለሽ እዚያ ውስጥ? ውጪና ጨፍሪ!»

ፊቴን አበስኩ። የወለቀውን ቀይ ሻሽ መልሼ አሰርኩ። እጄን በብረቱ መሃል አውጥቼ አወዛወዝኩላት።